በእንግዳው ወገን

ዘሚካኤል በምላጭ ከእንጨት የጠረባቸውን ወታደሮች ከጨዋታው ሜዳ እየለቀመ ካርቶን ውስጥ ይከታል። ሻንጣው በሩ ላይ ነው። ሽንዲ ከተማ መምህር ሆኖ ተመድቧል፤ ባጃጁ ውጭ ይጠብቀዋል።

«ላንቺ ይሁኑ» ይለኛል። «እኔ ከእንግዲህ አልጫወትም። አስራ ሰባት ጊዜ ተሸንፎ የማይገባው ሰው የለም።»

«ስነግርህ አልነበር? ጭንቅላትህ ለጠመኔ እንጂ ለጦርነት አልተፈጠረም።» ምላሴ መቼም አያርፍ።

ይስቃል። ሁልጊዜም ይስቃል።

ጨዋታውን ከስልኬ ላይ እያየሁ ለብቻዬ ነው የተማርኩት። ሜዳውንም ጠረጴዛ ላይ ያበጀሁት እኔ ነኝ። መሐል ወንዝ፣ ወንዙ ላይ የጭራሮ ድልድይ፣ ከወዲህና ከወዲያ አንድ አንድ የጀሶ ኮረብታ። ከወታደሩ ራስ እስከ ዒላማው ክር ይወጠራል፤ ክሩ ምንም ካልነካ ተኩሱ ይቆጠራል። ድልድዩን የያዘ ያሸንፋል። ኮረብቶቹን ከድልድዩ እኩል ስንዝር ለክቼ ነው ያስቀመጥኳቸው። «ቡሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ሚዛን የእህል ነጋዴም የለው» እያልኩ ስኩራራ ከርሜያለሁ።

ወንበር ግን ተቀያይረን አናውቅም። እንግዳ ወደ ውስጥ ይቀመጣል፤ እኔ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ደንበኛ ሲመጣ እንድነሳ በሩ ጋ እሆናለሁ።

አንድ ወታደር ከኮረብታው ጀርባ ቀርቷል። ላነሳው በእንግዳው ወገን አልፌ ጎንበስ ስል፣ ዓይኔ ከወታደሩ ዓይን እኩል ይሆናል።

ድልድዩ የለም። ጀሶ ብቻ።

ኮረብቶቹ በአንድ ወገን ገደል ናቸው፣ በሌላው ዝቅ ይላሉ። ገደሉን ቀይ ቀለም ቀብቼ፣ ከወንበሬ ሳየው እንዲያምረኝ የሁለቱንም ወደ በሩ አዙሬዋለሁ። የእኔ ወታደሮች ገደሉ ከኋላቸው ነው፤ ድልድዩን ቁልቁል ያያሉ። የሱዎቹ ከገደሉ ጀርባ ዝቅታው ላይ ናቸው፤ ፊት ለፊታቸው ግድግዳ ነው። ክሩ ጀሶውን በነካ ቁጥር «ነካ! ቦታ መምረጥ እንኳ አታውቅ!» እያልኩ ስጮህበት የኖርኩ እኔ ነኝ።

«ዘሚ...» ቀና እላለሁ። «ሜዳው ልክ አይደለም። አንተ አይደለህም የተሸነፍከው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሻንጣውን እያነሳ ዘወር ይላል። «አይ ያምሮት! ለካ ሰው ማጽናናትም ታውቂያለሽ!»

«እውነቴን ነው! ና ጎንበስ ብለህ እይ!»

«ይሁን፣ ይሁን። እግዜር ይስጥሽ።» ሊሰናበተኝ ትከሻዬን ነካ ያደርጋል። «ከአፍሽ ደግ ነገር ስሰማ ይኸ መጀመሪያዬ ነው። እሱን ይዤ እሄዳለሁ።»

ባጃጁ ይነሳል።

ኮረብታውን ላዞረው እይዘዋለሁ። በኮላ ያጣበቅኩት እኔው ነኝ፤ አይላወስም። ከጀርባው ያላነሳሁት ወታደር ጠመንጃውን ጀሶው ላይ ደግኖ ቆሟል።