ሰገነቱን ማስረጀት

ሰፈሩ ሊፈርስ ነው፣ የሚተርፈው ቅርስ የተባለ ቤት ብቻ ነው ሲባል አናጢው እንቅልፍ አጣ። የሚኖርበትን ፎቅ ቤት የሠሩት አያቱ ናቸው፤ ምን ያደርጋል፣ የበሰበሰውን ሰገነት አምና በአዲስ ጣውላ ቀይሮታል።

ግራይንደሩ ላይ የሽቦ ብሩሽ አሰረና አዲሱን ጣውላ ይፍቀው ጀመር። ለስላሳው እየተበላ የእንጨቱ ጅማት ገጦ ወጣ። በላዩ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባበት።

ሚስቱ ወይንሐረግ ከታች አንጋጣ አየችና፣ «በስመ አብ! ከአያትህ በላይ አስረጀኸው እኮ!» አለችው።

በማግስቱ የቅርስ ባለሙያው መጣ። ደረጃውን ወጥቶ ሰገነቱን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ።

«ይሄ ተቀይሮ ያውቃል፣ አባቴ?»

«ኧረ በጭራሽ! አንዲት ጣውላ አልተነካችም» አለ አናጢው፣ ላብ እያጠመቀው።

«ያስታውቃል።» ባለሙያው ሊረግጠው እግሩን አነሳና መልሶ ሰበሰበው። «ቤቱስ ቅርስ ነበር። ግን እንዲህ ያለቀ እንጨት ተሸክሞ ከቆመ፣ አንድ ቀን ሰው ይጨርሳል። ቢፈርስ ይሻላል።»

አናጢው «ጣውላው አዲስ ነው» ሊል አፉን ከፈተ፤ ከፈተና ዘይት የጠጣ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።