ብረቱ አስፋልት የነካ ዕለት

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ውሸት ካገኛችሁ ምላሴን ቁረጡት። አንድ ሰውዬ ረጅሙን ሞተር ሳይክሉን እያስጓራ ወደ ትልቁ ኩርባ ሲገባ ከኋላው ማንም አልተቀመጠም ነበር። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ሞተሩን ሲያስነሳ የመጀመሪያው ነው። በሕይወት ሳለች፣ እሱ ወደ ግራ ባጋደለ ቁጥር እሷ ጃኬቱን ጨምድዳ ወደ ቀኝ ትጎትተው ነበር።

«ቀስ በል አንተ ሰውዬ! መንገድ ላይ ልታስተኛን ነው?» ትለዋለች።

«አንቺ ባትኖሪ እኮ የእግር ማሳረፊያው ብረት አስፋልቱን እስኪፍቅ አጋድመው ነበር!» ብሎ ይፎክርባታል።

«እሱንማ እኔ ስሞት ታደርገዋለህ።»

አሁን ጃኬቱን የሚይዝ አልነበረም። አጋደለው፤ ደግሞ ጨመረበት፤ አስፋልቱ ላይ ጉንዳን ቢያልፍ ሰላም ሊባባሉ ምንም አልቀራቸውም። ያኔ ብረቱ መንገዱን ፋቀና ክርርር አለ፤ ብልጭታው እግሩ ሥር ተረጨ። ዕድሜ ልኩን የፎከረበት ድምፅ ይኸው ነበር። ከኩርባው ሲወጣ «አየሽ!» ብሎ ጮኸና ጉልበቷን መታ ሊያደርግ ግራ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። እጁ ባዶውን ወንበር ዳሰሰ፤ ነፋስ አቀዝቅዞታል።

ወዲያው «ቀስ በል አንተ ሰውዬ» የሚል ድምፅ ከጀርባው ሰማ። ሞተሩን አቃናና እስከ ቤቱ ድረስ ዝግ ብሎ ነዳ።

በሉ እንግዲህ ቢላዋችሁን አምጡ። ድምፅ የሚባል ነገር አልሰማም። ያቺን እኔ ነኝ የጨመርኳት፤ ብቻውን ቤት ሲገባ ማየት አንጀቴ አልችል ብሎኝ ነው።