እግሩን ያነሣው ውሻ

በስደት አገር፣ ቶተንሃም በሚባለው ሰፈር ረግረግ ዳር፣ የጠዋቱ ጭጋግ ሳይገፈፍ፣ አንድ እንግዳ ውሻ ወደ ሸምበቆው ዞሮ፣ አደን እንደሚጠቁም ውሻ የፊት እግሩን እንዳነሣ ድርቅ ብሎ ቆመ። ከልጃቸው ጋር በእግር የወጡት አዛውንት ሳያስቡት ጃንጥላቸውን ወደ ትከሻቸው አነሡ። አንዱ አፈሙዝ ለቆቅ፣ ሌላው ለድኩላ የነበረው የድሮ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃቸው ክብደት እጃቸው ላይ የመጣ መሰላቸው።

«አባዬ፣ ኧረ ሰው ፖሊስ ይጠራብናል፤ ያውርዱት!» አለች ልጃቸው።

ከሸምበቆው ዳክዬ ተነሥታ በረረች። የውሻው ባለቤት ከሩቅ ደጋግማ ብታፏጭም፣ ውሻው እግሩን እንዳነሣ ዓይኑን ከሸምበቆው መልሶ አዛውንቱ ላይ ተክሎ ጠበቀ። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ከአገር ሲሰደዱ፣ በአደን የማይለያቸው ውሻቸው ከቤታቸው በር ላይ ልክ እንዲህ ነበር ያያቸው። «እዚሁ ጠብቀኝ» ብለውት ወጡ፤ አልተመለሱም።

ጃንጥላውን አወረዱ።

«በቃ፣ የኔ ጎበዝ» አሉት በአማርኛ። «አትጠብቀኝ።»

ውሻው ያነሣውን እግር ቀስ ብሎ መሬት ላይ አሳረፈ።