ለሠርግ የተቆጠበ ቀይ

«እስቲ አንዴ፣ በማርያም!» አለች ሰርካለም ፕሪንተሩን፣ ሰው እንደምትለምን። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ወረቀቱን ጎተተና መልሶ ተፋው። ጥቁሩ መስመር አለ፣ ሰማያዊው አለ፣ ቢጫው አለ። ቀዩ የለም።

ከፎቶ ቤቷ ባንኮኒ ማዶ አያ ሰማው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ያመጡት የልጃቸውን የምሥራቅን ስልክ ነው። ፎቶው ውስጥ ምሥራቅ በጥምቀት ዕለት፣ ባለ ቀይ ጥለት ቀሚሷን ለብሳ፣ ጉንጯ ፍም መስሎ ትስቃለች። ያችው ምሥራቅ ዛሬ ንጋት ላይ ሞታለች። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አሁን ስምንት አልፏል።

«የወፍ በሽታ ነው የወሰዳት፣ ልጄ» አሉ፣ ሳትጠይቃቸው። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ሰም ቢጫ ሆና፣ ዓይኗ ሳይቀር። እናቷ ያን መልክ ይዛ እንዳትቀር ብዬ ነው። ለቅሶው ላይ ይህን ከፍ አድርገን ስንይዝላት፣ ‹ልጄ እንዲህ ነበረች› ትበል።»

አይ ሰርካለም! የማሽን ጠጋኙ ይታገስ ፕሪንተሩን ከባሕር ዳር አምጥቶ ሲተክልላት ምን ነበር ያላት? «ቀለሙ ከጎን ካሉት ጠርሙሶች በቱቦ እየተሳበ ነው የሚመጣው። ዝም ካልሽው አፉ ላይ ይደርቃል። ሥራ ኖረም አልኖረም በየቀኑ አንድ ባለቀለም ወረቀት አትሚ። ማሽን ጾም አያውቅም።»

ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ሠርግ የለ፤ ሠርግ ከሌለ ማን የቀለም ፎቶ ያሳትማል? ማመልከቻና የፈተና ወረቀት በጥቁር እያተመች፣ ቀዩን ለፋሲካ ማግሥት ሙሽሮች ቆጠበችው። አርባ ቀን ሙሉ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ይታገስ ጋ ደወለች። «ለብ ባለ ውሃ በመርፌ እጠቢው» አላት። «ግን ተዘፍዝፎ ካላደረ አይለቅም።» እስኪያድር! እዚሁ ቢቸና ያለው ሌላው ፎቶ ቤት እንደሆነ ሠርግ የለም ብሎ እስከ ፋሲካ ዘግቷል።

አጠበች። ጣቷ ቀላ፣ ጥፍሯ ቀላ፣ የነጠላዋ ጫፍ ቀላ። ወረቀቱ ላይ ብቻ አልወርድ አለ።

«በጥቁርና ነጭ ላውጣልዎ፣ አባቴ?» አለች።

«የለም፣ የለም። እናቷ ጉንጯን ትይላት።»

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ። አያ ሰማው ወደ በሩ ዞረው አዳመጡ። «ቀብሯ ሊያመልጠኝ ነው» አሉ። «እንደሆነው አድርገሽ ስጭኝ።»

ሰርካለም ዓይኗን ጨፍና የማተሚያውን ቁልፍ ተጫነች።

ወረቀቱ ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ ፀጉሯ፣ ጥቁር። ከዚያ ግንባሯ፣ ቢጫ። ጉንጯ፣ አንገቷ፣ ያ ቀይ ጥለት ሳይቀር ቢጫ። መሐል ላይ ያ ሳቋ አለ።

ልትቀድደው እጇን ሰደደች፤ አያ ሰማው ቀደሟት። ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብለው ብዙ አዩት።

«ትናንት ማታ እንዲህ ነበረች» አሉ። «ሳቁ ብቻ ነው የተጨመረው።»

ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ወረቀቱ ላይ ፊቷን ሸፈኑላት።