ከኋላዬ ሆነህ ስማኝ

መኪናዋ ቆመች። አባትየውም ብስክሌቱን ይዞ ቆመ። መሪ የጨበጠችው ሴትዮ በእጇ እለፍ አለችው፤ እሱ ደግሞ ደረቱን ዳሰስ አድርጎ፣ ኧረ አንቺ ቅደሚ አላት።

ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድቷል። ብስክሌት ማለት ለሱ ጡሩምባ ሲነፉበት ከመንገድ የሚወርድ ነገር ነው። ልጁን ሊጠይቅ በመጣበት በዚህ ከተማ ግን ባለመኪና ቆሞ ብስክሌተኛን ይጠብቃል። ወይ ወጥመድ ነው፣ ወይ ይሉኝታ። ወጥመድ ከሆነ አያልፍም፤ በይሉኝታም የሚሸነፍ ሰው አይደለም።

ከኋላው ደወሎች ተንጫጩ። አንዱ ብስክሌተኛ በማያውቀው ቋንቋ እያጉረመረመ አልፎት ሄደ። ግራ ገብቶት ቀና ሲል፣ ልጁ ተሻግራ ቀስ እያለች ትነዳለች። እየነዳችም ታወራለች።

ክው አለ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ነገር አፏ ላይ እየደረሰ ሲመለስባት አይቷል። እራት ላይ “አባዬ” ትልና ጨው አቀብላው ታልፈዋለች። እሱም ነገ ተመላሽ ነው። ዛሬ ጠዋት፣ ከተማውን ላሳይህ ብላ ሄልሜቱን ስታስርለት ነው ልትነግረው የቆረጠችው።

“ዓይንህን እያየሁ አልችልም” አለችው። “እኔ ከፊት እየነዳሁ እነግርሃለሁ፤ አንተ ከኋላዬ ሆነህ ስማኝ። ጨርሼ ስዞር እሺ ወይም እምቢ በለኝ።”

ይኸው እየነገረችው ነው። እጇን አንስታ ወደ ግራ አመለከተች። ራሷን ነቀነቀች። በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። ከኋላዋ ያለው ግን ፖም እየገመጠ የሚነዳ አንድ ሰውዬ ነው።

ሴትዮዋንም ይሉኝታውንም ትቶ ፔዳሉን ረገጠ። ቆዪ፣ አልሰማሁሽም ሊላት አፉን ቢከፍት ትንፋሽ አጠረው። ሲደርስባት አንድ ድልድይ ጋ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

“ጨረስኩ” አለች። “ምን ትላለህ፣ አባዬ?”

ድገሚልኝ ሊላት ነበር። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየና፣ ድገሚ ቢላት ሁለተኛ እንደማይወጣት ገባው። ልታገባ ይሆን? ታማ ይሆን? ወይስ እዚሁ ልትቀር? እጇስ ያመለከተው ምኑን ነበር? ግራ ግራውን ቢያይ ሕንፃና ዛፍ ብቻ ነው።

“እሺ” አላት።

ብስክሌቷን መሬት ላይ ጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ትሳቅ ታልቅስ መለየት አቃተው። ጀርባዋን መታ መታ ያደርጋል።

“ለእማዬ አንተ ንገራት” አለችው፣ ትከሻው ላይ እንደተደፋች። “ካንተ አፍ ስትሰማው ይቀላታል።”

“እነግራታለሁ” አለ።