የሚደክመው መነጽር

ታጣቂው ኢሃብ የሱላፋን በር ያንኳኳው በቀትር ነው። ታጣቂዎቹ የአርካዊትን ሰፈር ከያዙ ወዲህ በእጁ ሲያንኳኳ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ በእግሩ ነበር የሚከፍተው።

«ያ ዶክቶራ፣ የዩኒቨርሲቲው ዕቃ አንቺ ጋ ነው አሉኝ።»

ሱላፋ አልካደችም። የፊዚክስ መምህር ናት፤ ቤተ ሙከራው ሲዘረፍ ቅንጣት መለኪያውን ዲቴክተር በነጠላ ጠቅልላ ይዛ እንደወጣች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ኢሃብ ከአንገቱ መነጽር አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። በጨለማ የሚያሳይ መነጽር ነው። ከማረከው ሰው ላይ የወሰደው።

«መጀመሪያ ድመት እንኳ አታመልጠኝም ነበር። አሁን እየደከመ መጣ። ሳሳርፈው ትንሽ ይሻለዋል፣ ከዚያ መልሶ ይጨልማል።»

ጓዳው በር ላይ የቆመችው የኔነሽ ልጇን ናርዶስን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች። ከሱላፋ ግቢ የኋላውን ክፍል የተከራየች ናት። ታጣቂዎቹ ወንድ ማፈስ ከጀመሩ ወዲህ ባሏ ስለሺ ከዚያ ክፍል አይወጣም። ከሰፈሩ የሚያመልጥ ሰው ጨረቃ ስትጠፋ ኢሃብ በሚጠብቀው ኬላ ጥግ ሾልኮ፣ በካላክላ በኩል ወደ ደቡብ ነው የሚወጣው። መነጽሩ ደህና በነበረ ጊዜ የሞከሩት እዚያው ጥግ ላይ ቀርተዋል። በሚመጣው ጨለማ የስለሺ ተራ ነው።

ሱላፋ መነጽሩን አገላብጣ አየችው።

«የመስታወቱ ዕድሜ አልቋል፤» አለች። «ማይክሮቻነል ፕሌት ይባላል። እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ነው፤ ቀዳዳው ግን በዓይን አይታይም። አንዲት ቅንጣት ትገባና ሺህ ሆና ትወጣለች። የእኔም ዲቴክተር ያው መስታወት አለው። ቅንጣቷ የትና መቼ እንዳረፈች ይነግረኛል።»

«የትና መቼ!» ኢሃብ ሳቀ። «እኔስ ሌላ ምን ፈለግሁ? ያላ፣ የአንቺን አውጪና ለእኔ አድርጊልኝ።»

የኔነሽ፣ እምቢ ትላለች ብላ ጠበቀች። ሱላፋ ግን መፍቻዋን አምጥታ መነጽሩን ፈታታችው። ከሆዱ የታሸገች ትንሽ ቱቦ ወጣች። የስልኩን መብራት ኢሃብ ራሱ ያዘላት። የቱቦዋን ጫፍ ስትሰብረው ቀጭ አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ አይገባም። ከዚያ አየሩ በፓምፕ ይመጠጣል፤ አየር ካለ አይሠራም። ጀነሬተርና ናፍጣ አምጣልኝ።»

«ጨረቃ ሳትጠፋ ይደርሳል?»

«ኢንሻአላህ።»

በማግስቱ ፓምፑ ከጠዋት ጀምሮ ይጮኽ ጀመር። ባዶዋን ቱቦ ለማድረቅ ነው ተባለ። በሩ ላይ ጠባቂ ተቀመጠ፤ ገዳሪፍ ከሐበሾች ጋር ያደገ፣ አማርኛ የሚሰማ። ሱላፋ ሻይ ታፈላለት ነበር።

የኔነሽ መንገዷን ዘግታ ቆመች።

«እናትሽ ሐበሻ አይደለችም ወይ? ስለሺን ዓይናቸው ውስጥ ልታስገቢው ነው?»

«ያ የኔነሽ፣ ሥራ ነው። ልጅሽን አጥቢ።»

«ለገዳይ ዓይን መትከል፣ እሱ ነው ሥራ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም! ይስማ!»

ሱላፋ ወደ በሩ አየች። «ሻዩ ሊበርድበት ነው፤» ብላ ብርጭቆውን ይዛ ወጣች።

የኔነሽ ልጇን ፍራሽ ላይ አስቀምጣ የዲቴክተሩን ሳጥን ከፈተች። ሱላፋ በጓንት እንኳ ለመንካት የምትፈራው መስታወት ግራጫ ክብ ነው፤ ከሳንቲም ብዙም አይበልጥም። በባዶ ጣቷ አነሳችው።

«ላ! የኔነሽ፣ ላ!» ሱላፋ ሻዩን ሰጥታ ስትመለስ ጮኸች። «ስንት ዓመት የለፋሁበት ነው!»

«አንድ ቀን እንኳ እምቢ ልበል፤» አለችና የኔነሽ ከወለሉ ጋር አላተመችው።

ድምፁ ትንሽ ነበር፤ የፓምፑ ጩኸት ስለዋጠው ጠባቂው አልገባም። ሱላፋ ተንበርክካ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቀመች።

አመሻሽ ላይ ኢሃብ መጣ።

«ሙቀት ሰነጠቀው። ሌላ የለኝም፤» አለችው ሱላፋ። ወደ የኔነሽ አልዞረችም።

«እንግዲያው የድሮውን መልሺልኝ! ቢደክምም ይደክም።»

«አየር ገብቶበታል፣ ኸላስ። ከእንግዲህ ምንም አያሳይም። አድርጊልኝ ያልከው አንተ፣ መብራት የያዝከውም አንተ።»

ኢሃብ ሳጥኑን በእርግጫ መታው። ቆም ብሎ አሰበ።

«ለአለቃዬ ጠፋ ነው የምለው። አንቺም አፍሽን ዝጊ።» ጠባቂውን አስከትሎ ሄደ።

ጨረቃ የጠፋች ዕለት፣ ገና መሸት ሲል፣ ስለሺ ከፊት ወጣ። የኔነሽ ናርዶስን አዝላ በሩ ላይ ቆም አለች። ሱላፋ ዳቦ በፌስታል ይዛላት ነበር።

«በመስበሬ አልጸጸትም፤» አለች የኔነሽ ቀና ብላ። «ዛሬም ቢሆን እሰብረዋለሁ። እኔ ባልሰብረው ኖሮ ዓይኑ ይበራ ነበር።»

ሱላፋ የልጅቱን ነጠላ አስተካከለችላት።

«የኢሃብ መስታወት እኔ ቱቦዋን እስክሰብራት ድረስ ምንም አልነካውም ነበር፤» አለች ቀስ ብላ፤ «ያለቀው የባትሪ ድንጋዩ ነው።»