የሬናንቴ አልጋ ዝቅ አይልም

ኧረ ቲያ ሳሉድን ገፈተረቻት! እውነቴን ነው፤ በጊማራስ ደሴት ላይ ያላሸችው ወገብ የሌላትን ትልቋን ወጌሻ፣ የገዛ አክስቷን፣ ጆቭሊን በሁለት እጇ ገፍታ ከአልጋው ግርጌ አስለቀቀቻት። ከዚያ የሆስፒታሉን አልጋ ራስጌ በማዞሪያው እጀታ በፍጥነት ወደ ላይ አነሳችና እጀታውን መንጭቃ ነቅላ ቲሸርቷ ውስጥ ወሸቀችው! ብረቱ ሆዷ ላይ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ወይኔ! ግን አላወጣችውም።

"አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?" አለች ቲያ ሳሉድ። ክንዷ በሙሉ በኮኮናት ዘይት ያብለጨልጫል።

"ብያለሁ፣ አይወርድም!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ ሬናንቴ ከሞተር ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ አልነቃም። የሚተነፍስለት ማሽን ነው፤ የሚበላው ደግሞ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ። ነርሷ ሲስተር ግሌንዳ ክፍል ሙሉ በሽተኛ ስላለባት እያንዳንዱ አስታማሚ የራሱን ሰው ይጠብቃል። ገና እንደገቡ ነው ጆቭሊንን ጠርታ ግድግዳው ላይ ቀይ ፕላስተር የለጠፈችላት።

"የራስጌው በኩል ከዚህ በታች ከወረደ ምግቡ ሽቅብ ይመለስና ሳንባው ውስጥ ይገባል። ሳንባ ምች ከያዘው ደግሞ ጭንቅላቱ ቢድን እንኳ እሱ ላይተርፍ ይችላል። ገባሽ የኔ ቆንጆ?"

ገባት። እንዴት አይገባት!

ደግሞ በዛሬው ቀን! ዶክተሩ ጠዋት ደረቱን አዳምጦ፣ "ሳንባው እንዲህ ንፁህ ሆኖ ካደረ ነገ ከማሽኑ ላይ እናወርደውና ራሱ ሲተነፍስ እናየዋለን" ብሎ ነበር። ጆቭሊን በደስታ ዶክተሩን ልታቅፈው ምንም አልቀራት!

እና ልክ ምግቡን በቱቦው አውርዳ ስትጨርስ ቲያ ሳሉድ ከጊማራስ በጀልባ ተሻግራ ከች አለች። ሬናንቴን አየችው፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ምነው ልጄን እንደ ጂፕኒ ታክሲ ተሳፋሪ ቁጭ አደረጋችሁት? ወገቡ አይቆረጥም?" አለችና ዘይቷን ክንዷ ድረስ ተቀብታ ማዞሪያውን ያዘች። በእነሱ አገር ወጌሻ ሲያሽ በሽተኛው በጀርባው ዝርግት ብሎ መተኛት አለበት፤ ተቀምጦ የታሸ ሰው በሰውነቱ የገባው ነፋስ አይወጣለትም ይባላል።

አልጋው ዝቅ አለ። ደግሞ ዝቅ። የሬናንቴ ጉሮሮ ጉርርር አለ። በቃ፣ ያኔ ነው የገፈተረቻት።

"ጆቭሊን! ታላቅሽ እኮ ናት!" እናቷ ፊቷ በእፍረት ቲማቲም መሰለ። "ስጫት በቃ፣ ለትንሽ ጊዜ ነው።"

"ለትንሽም አይሆንም እማ።"

"አንቺን ከእናትሽ ሆድ ውስጥ አሽቼ ያዞርኩሽ እኔ ነኝ!" አለች ቲያ ሳሉድ። "በእግርሽ ልትመጪ ስትይ! ያኔም ግትር ነበርሽ!"

"እንግዲያ የእጅሽን ነው ያገኘሽው!" አሉ የጎን አልጋው አስታማሚ ሽማግሌ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጆቭሊን ግን አልሳቀችም። እጀታውን በቲሸርቷ ላይ ጨምድዳ ያዘችው።

"ቲያ፣ እሺ፣ ነፋሱ ይውጣለት። ግን ቁጭ እንዳለ አውጪው። የደሴቱ አንደኛ ወጌሻ ነሽ አይደል? ወይስ የምትችዪው የተጋደመ ሰው ብቻ ነው?"

ወይ ጉድ! ቲያ ሳሉድ ወገቧን ይዛ ወደ ክፍሉ ሰዎች ዞረች።

"ስሟት ይቺን!" አለች። "በርጩማ አምጡልኝ።"

"መጀመሪያ እጅሽን በሳሙና።"

እያጉረመረመች ታጠበች። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀምጣ የሬናንቴን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ጣት በጣት ታሸው ጀመር፤ እውነትም እጇ ሌላ ነው! ጆቭሊን በበኩሏ የቁስል መጥረጊያ ጎዝ አርጥባ፣ የማሽኑን ቱቦ እንዳትነካ እየተጠነቀቀች፣ ድዱንና ምላሱን ትጠርግለት ገባች።

"ደግሞ ይሄ ምንድነው? ሙሽራ ልታደርጊው ነው?" አለች ቲያ ሳሉድ።

"የአፉ ቆሻሻም ቀስ እያለ ወደ ሳንባው ይወርዳል። እሱም ሳንባ ምች ያመጣል።"

የቲያ ሳሉድ እጅ ተረከዙ ላይ ቆመ።

"አያትሽ ግማሽ አካሉ አልንቀሳቀስ ሲለው ያስታመምኩት እኔ ነበርኩ" አለች። ድምጿ ያ የቅድሙ አልነበረም። "ይረፍ ብዬ ትራሱን አውጥቼ፣ በጀርባው አስተኝቼ ነበር አጥሚት የማጎርሰው። በበላ ቁጥር ያስለዋል። ያስለዋል፣ እኔም ጉሮሮው ይርጠብ ብዬ እጨምርለታለሁ። መጨረሻ ላይ ደረቱ ተዘጋና ሞተ።"

ቀና ብላ አየቻት። ጆቭሊን አክስቷን እንደዚያ ትንሽ ሆና አይታት አታውቅም።

"ጆቭ፣ እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?"

ጆቭሊን እርጥቡን ጎዝ አስቀምጣ ወደ በርጩማው ቀረበች። እናንተ ብትሆኑ፣ በናታችሁ፣ ምን ትሏት ነበር?